«ተነሡ!» ባዩ ዴልበርት

ዴልበርት የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች በገቡ ቁጥር «ተነሡ!» እያለ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ሲያስነሣ ኖረ። በእኛ በድንጋይ ከሰል አገር ዳኛም እንደ ከንቲባ በሕዝብ ድምፅ ነው የሚመረጠው። ቅዳሜ ዕለት ታዲያ ከእነዚሁ ዳኞች አንዱን፣ ዳኛ ሮስኮን፣ ለምርጫቸው በተደገሰ የዓሣ ጥብስ ግብዣ ላይ ሽርጥ ታጥቀው አገኛቸው። ደጋሹ ይግባኙ ማክሰኞ የሚሰማለት አንድ የከሰል ማዕድን ባለቤት ነው።

«ዴልበርት፣ ና ብላ እንጂ!» አሉት ጣታቸውን እየላሱ።

«ማክሰኞ የሚዳኙት ይኼንኑ ሰውዬ አይደለም እንዴ፣ ጌታዬ?»

«ቢሆንስ? ዓሣው ምን በደለ?»

ዴልበርት ሳይቀምስ ወጣ።

ማክሰኞ ዳኛው ካባቸውን ደርበው ብቅ ሲሉ፣ እንደ ልማዱ «ተነሡ!» አለ። አዳራሹ በሙሉ ግር ብሎ ተነሣ። ዴልበርት ግን ወንበር ስቦ ቁጭ አለ።