ለሰርግ የተገጠመ ፍሬን

አባቴ ልብ አውልቅ ሰው ናቸው። ይህን የምለው እየወደድኳቸው ነው፤ ግን ባለፈው ዓመት፣ ከእህቴ ሰርግ በፊት በነበሩት ሁለት ወራት፣ ናላዬን አዙረውት ነበር።

ነገሩ የተነሣው ከአንድ የቆየ ቃል ነው። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ነድተው ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው። እህቴ ትንሽ ሳለች፣ ከመንገድ በተመለሱ ቁጥር ጋቢና ውስጥ አስቀምጠው ሰፈሩን ያዞሯት ነበር፤ ያኔ "በሰርግሽ ቀን የምነዳልሽ እኔ ነኝ" ብለዋታል። ሰው ለልጅ ስንት ነገር ይላል። እሷ ግን አልረሳችም። የሰርጓ ቀን ሲቆረጥ አዳራሹም ምግቡም ግድ አልሰጣትም፤ "አባዬ ይንዱልኝ" ብቻ አለች። አክስቶቻችን "የሙሽራ አባት ሹፌር ሆኖ የት ታይቷል?" ብለው ቢያጉረመርሙም የሰማቸው የለም።

ቤታችን ያለችው መኪና ደግሞ የእኔዋ ናት። ባለ ሁለት በር፣ ለመሬት የቀረበች፣ ድምጿ ከፍጥነቷ የሚበልጥ አሮጌ ስፖርት መኪና። ሙሽራ ከነቬሎዋ ኋላ ወንበር እንዴት ትገባለች ብሎ የጠየቀ አልነበረም። አባቴ "ይቺ መጫወቻ" እያሉ ሲንቋት ስለኖሩ፣ እንዲለምዷት ብዬ አንድ እሁድ እንጦጦ ይዣቸው ወጣሁ። እኔ እየነዳሁ ቁልቁለቱን ስንወርድ "ፍሬኑ ይለሰልሳል። ልጄን በዚህ አልጭንም" አሉ። ቁልፉን ብሰጣቸው እጃቸውን አልዘረጉም።

ፍሬኑ በእርግጥ ይለሰልስ ነበር። ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ፔዳሉ ወደ ታች ይሰምጣል። እውነቱን ሁሉ ልናገር ካልኩ ደግሞ፣ ሰበብ በማግኘቴ ደስ ብሎኛል። በቸርኬው መሃል ብቅ የሚል ቀይ ፍሬን ከተመኘሁ ቆይቻለሁ። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ብዬ፣ ሰፋፊ ባለ ቀዳዳ ዲስኮችና እነሱን የሚነክሱ ትልልቅ ቀይ ካሊፐሮች ገዛሁ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ፍዳ ጠላቴም አይየው። መካኒኩ አሮጌውን ፈትቶ አዲሱን ሲገጥም ጎማው አልገባ አለ፤ ዲስኩ ለቸርኬው ሰፍቶታል። ሰፊ ቸርኬ ፈለግን። ሰፊው ቸርኬ ሲገባ ደግሞ፣ መሪው በዞረ ቁጥር ጎማው ከላሜራው ጋር ይፋተጋል። መካኒኩ ስደውልለት ሁልጊዜ መልሱ አንድ ነው፤ "አለቀ እኮ፣ ትንሽ ነገር ናት የቀረችው።" ትንሿ ነገር ሦስት ሳምንት ፈጀች። ስፖርት መኪና እያለኝ ሦስት ሳምንት ሙሉ የኮተቤ ታክሲ ተሰልፌ ሥራ ገባሁ።

በመጨረሻ አለቀ። አማረችም። መንገድ ዳር ሳቆማት የሰፈሩ ወጣቶች ተንበርክከው ጎማውን ፎቶ ያነሱ ነበር። "ብሮ፣ ፏ ብላለች!" አሉኝ። ለመልክ ብቻም አልነበረም፤ ፍሬኑ ገና ሲነኩት ቀጥ አድርጎ ይይዛል።

አባቴ ዞረው ዞረው አዩዋት። "ስታቆማት ፍሬኑ ያፏጫል" አሉ። የፍሬን ሸራው አዲስ ስለሆነ ነው ብላቸው አልተቀበሉኝም፤ ሸራውን አስቀየርኩ። በሳምንቱ "ፔዳሉ ጠንክሯል" አሉ። ያልነዱትን መኪና ፔዳል! በሩን ከፍተው፣ ጎንበስ ብለው፣ በእጃቸው ተጭነው ነው የፈረዱበት። የፍሬን ዘይቱ ይቀየር አሉ፤ ተቀየረ። ከዚያ ደግሞ "ቀይ ነገር ዓይን ውስጥ ያስገባል፣ ለሙሽራ ጥሩ አይደለም" አሉ። ደሜ ፈላ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አባትን እንዲህ ማለት ነውር ስለሆነ ተረቱን በልቤ ብቻ ተረትኩት።

ሰርጉ አራት ቀን ሲቀረው እህቴ ባለችበት "ወይ ይንዱ፣ ወይ አልነዳም ብለው ይንገሯት" አልኳቸው። እህቴ ወደ እሳቸው ዞረች። አባቴ ኮፍያቸውን አነሡና "ና እንሂድ" አሉኝ።

እስከ እንጦጦ እኔ ነዳሁ። ላይ ስንደርስ ቦታ ተቀያየርን። ሲቀመጡ ቀኝ እግራቸውን በእጃቸው አንሥተው አስገቡት፤ ጉልበታቸው ነው ብዬ አለፍኩት። ሁለተኛ ማርሽ አስገብተው፣ ሞተሩን እያስጓሩ፣ በዝግታ መውረድ ጀመሩ። ኩርባውን ሁሉ በማርሽ። አንድም ጊዜ ፍሬን አልነኩም።

"አባዬ፣ ፍሬኑን ይሞክሩት እንጂ! የመጣነው ለእሱ አይደል?"

"ቁልቁለት የሚወረደው በማርሽ ነው" አሉ።

ስንት የተንከራተትኩባቸው ፍሬኖች ሥራ ፈትተው ወረዱ።

ታች ልንደርስ ስንል ከፊታችን የነበረ ሚኒባስ ሰው ለመጫን ያለ ምልክት ቀጥ አለ። "ፍሬን! ፍሬን ያዝ!" ብዬ ጮህኩ። አባቴን "አንተ" ያልኳቸው በሕይወቴ ያን ጊዜ ብቻ ነው። እሳቸው የሳቡት የእጅ ፍሬኑን ነው። መኪናዋ ወደ ጎን ተንሸራታ፣ ሚኒባሱን ለመንካት አንድ ክንድ ሲቀራት ቆመች። ወደ ታች ሳይ ቀኝ እግራቸው ነዳጅ መስጫው አጠገብ እንደተጋደመ ነው።

"ለምን አልረገጡትም?" አልኩ፤ አሁንም እየጮህኩ ነበር።

"አይሰማኝም" አሉ። "እግሬ ከቁርጭምጭሚት በታች አይሰማኝም። ስኳሩ ነው። ፍሬኑን ልርገጠው ነዳጁን ልርገጠው አላውቅም።"

ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ነው አሉ። ሁለት ወር ሙሉ በፍሬኔ ያመካኙት ለዚህ ነበር። ከማዘኔ በፊት ተናደድኩ፤ ይህን አልደብቅም። አንዲት ቃል ቢተነፍሱልኝ ምን ነበረበት?

"ለእሷ እንዳትነግራት" አሉ። ሁለቱም እጃቸው መሪው ላይ ነበር። "ሰርጓን ትታ ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ይዛኝ ትዞራለች። ከሰርጉ በኋላ እኔው ራሴ እነግራታለሁ።"

መሪውን ተቀብዬ ወደ ቤት ነዳሁ። እህቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። "እሺ? እንዴት ሆነ?"

"አይሆንም" አልኳት። "ፍሬኑ አልሠራም፤ ለጥቂት ተረፍን። ሌላ መኪና ከነሹፌሩ እንከራያለን።"

ያን ቀን ያልወረደብኝ የስድብ ዓይነት የለም። "ሁለት ወር ሙሉ ቀይ ነገር ስትለጥፍ ከረምክ! ከሰርጌ የፈለግሁት አንድ ነገር ነበር፣ አንድ!" አለችና አለቀሰች። አባቴን አየኋቸው፤ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው የጫማቸውን ማሰሪያ እየፈቱ ነበር።

"እኔ ከመጀመሪያው ነግሬው ነበር" አሉ ቀና ሳይሉ። "ሰሚ ነው ያጣሁት።"

የዚያን ያህል ተናድጄባቸው አላውቅም፤ የዚያን ያህልም አሳዝነውኝ አያውቁም። እህቴ እንባዋን እየጠረገች መልሴን ትጠብቃለች።

"አዎ" አልኳት። "ነግረውኝ ነበር።"