የእማማ ቆይ ቁልፍ

ቋ! ማሽኑ ቁልፉን ሲለቅ እንዲህ ይላል። ፓስታ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነኝ። የሊጥ ማቡኪያውን ብናጠፋውም፣ ውስጡ የሚሽከረከረው ብረት ፈጽሞ እስኪቆም የኤሌክትሪክ መቆለፊያው ቁልፉን አይለቅም፤ ያለዚያ ቁልፍ ደግሞ በሩ አይከፈትም። ዛሬ የፈረቃ ኃላፊው መጠበቁ አንገፈገፈውና፣ «ይህን መቆለፊያ በሽቦ አገናኝተሽ ለሁልጊዜው ገላግይን!» አለኝ። እኔም ከልጅነቴ ችኩል ነኝ፣ አፍሳ ለቃሚ፤ ካቻቢቴዬን መዝዤ ነበር። ቋ ሲል ግን በሐሳቤ ያደግሁባት መካነ ሰላም፣ እማማ ዘነቡ ወፍጮ ቤት በር ላይ ተገኘሁ።

እማማ ዘነቡ ቅንድባቸው ሳይቀር በገብስ ዱቄት የነጣ ቀጭን ሴት ነበሩ። ሞተሩን የሚያስነሳውና የቺንጋውን፣ የድንጋዩን ማዞሪያ ቀበቶ፣ ክዳን የሚከፍተው ቁልፍ አንድ ብቻ ነው፤ ብረት ሠሪ ለምነው እንዲያ አሠርተውታል። ክዳኑን ለመክፈት የግድ ሞተሩን አጥፍተው ቁልፉን መንቀል ነበረባቸው። ከነቀሉም በኋላ ወዲያው አይከፍቱም፤ አቡነ ዘበሰማያትን አንድ ጊዜ ይደግማሉ። «አሜን» ሲሉ ድንጋዩ ቆሟል። ወረፋ ጠባቂው ሲያጣድፋቸው መልሳቸው «ቆይ» ነው፤ ስማቸውም እማማ ቆይ ሆኖ ቀረ። እኔማ ጸሎቱን በሆዴ እያሯሯጥሁ ከሳቸው በፊት አሜን እል ነበር።

አንድ የክረምት ቀን ከአባቴ ጋር ገብስ ይዘን ሄድን። ግማሹ እንደ ተፈጨ ቺንጋው ከመዘውሩ ሾለከ፤ ወዲያው መብራት ጠፋ። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ዝናቡ ሳይቀድመን ቤት መግባት አለብን። አባቴ ቺንጋውን ሊመልስ እጅጌውን ሰበሰበ።

«ኧረ በመድኃኔዓለም! መብራት እንደሆነ የለም፤ ምኑን ነው የሚፈሩት? ክዳኑን ልገንጥለው?»

«ቆይ ልጄ፣ አብሽር። መጀመሪያ ቁልፌን።»

አጠፉ፣ ነቀሉ፣ ደገሙ፣ ከፈቱ። እኔ በንዴት መሬቱን በእግሬ እጫጭራለሁ። የአባቴ እጅ እስከ ክርኑ እንደ ገባ አምፖሉ ቦግ አለ። የጎረቤት ወፍጮ እያጓራ ተነሣ። የእኛው አልተነቃነቀም። አባቴ እጁን ቀስ ብሎ አወጣና ማዳበሪያው ላይ ቁጭ አለ። መንገድ ላይ ዝናቡ ዱቄታችንን አበሰበሰው፤ አባቴ ግን እጁን እያገላበጠ ያይ ነበር።

ካቻቢቴውን ወደ ኪሴ መለስሁ።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለ ኃላፊው።

«ቆይ» አልሁት።

እማማ ዘነቡ አምና አረፉ። ለቅሷቸው ላይ አባቴ ደረቱን ሲደቃ አየሁት፤ በሁለት እጁ።