በየሁለት ሳምንቱ ወይስ በፈለግሁ ጊዜ

በስደት በምኖርበት ከተማ፣ ትሩጋኒና ሰፈር ካለው መጋዘን በጡረታ ስሰናበት፣ በሥራ ዘመኔ የተጠራቀመልኝን፣ እዚህ ሱፐር የሚሉትን የጡረታ ገንዘብ እንዴት እንደምወስድ ምረጥ ተባልሁ። ወይ በየሁለት ሳምንቱ እኩል ክፍያ ባንክ ይገባልኛል፤ ወይ ገንዘቡ እንዳለ ተቀምጦ በፈለግሁ ጊዜ የፈለግሁትን ያህል አወጣለሁ።

ሚስቴ የመጀመሪያውን ወደደች። የአረጋውያን መጦሪያ ታጸዳለች፤ ጉልበቷ አልቋል። እኔ ጡረታ ስወጣ እሷም እንደምታቆም ቃል ገብቼላታለሁ።

«እንደ ደመወዝ ይምጣልን» አለች።

«ዕድሜ ልኬን አለቃ ሲያዘኝ ኖሬ፣ አሁን ደግሞ የገዛ ገንዘቤ ቀን ቆርጦ ይስጠኝ?»

«የምፈራው አንተን አይደለም፤ ስልክህን ነው።»

አልሰማኋትም። ትምህርት ቤት ሳልገባ፣ ከመዝገበ ቃላትና ከሬዲዮ ተምሬ ለዚህ የበቃሁ ሰው ነኝ። ልጆቼን ያሳደግኋቸውም ራሱን ያልገዛ ሰው ምንም አይገዛም እያልሁ ነው። ዘብ አያስፈልገኝም ብዬ ሁለተኛውን መረጥሁ።

ስልኩ ግን ይጮኻል። ሥራ ላይ ሳለሁ «ደመወዝ አልደረሰም» እል ነበር፤ እውነትም ነበር። አሁን ምን ልበል? የእህቴ ቤት ጣሪያ፣ የአጎቴ ልጅ ሰርግ፣ ፉትስክሬይ ሰፈር ለሞተ የማላውቀው ሰው አስከሬን መላኪያ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነኝና መዋጮ ሲሰበሰብ ስሜ ከላይ ካልሰፈረ አፍራለሁ። ደግነት ነው እል ነበር። ከፊሉ ደግነት ነበር፤ የሚበዛው ግን ይሉኝታ ነው። በሚስት ጉልበት የሚከፈል ይሉኝታ ደግሞ ኃጢአት ነው።

በሁለተኛው ዓመት ሚስቴ ሥራውን መቼ እንደምታቆም ጠየቀችኝ።  ልጄን ጠርቼ ወደ ቋሚው ክፍያ እንድትቀይርልኝ አዘዝኋት፤ እዚያው በስልኳ ጨረሰችው።

«ሐሳብህን ከቀየርህ ደውለህ ማስተካከል ትችላለህ፣ አባዬ» አለችኝ።

ገና ሳትሄድ ታናሽ ወንድሜ ከአገር ቤት ደወለ። የሚሠራበት ሚኒባስ ሞተሩ ተቃጥሏል።

«ጋሼ፣ ያለ እርስዎ ማን አለኝ?»

«ገንዘቡ ተቆልፏል» አልሁት። «እኔም ብለምን አይሰጡኝም።»

ስልኩን ስዘጋ ልጄ ታየኛለች። «ይሄ እኮ ውሸት ነው» አለችኝ በእንግሊዝኛ። ቁጣ እንኳ አልነበረባትም። በልጅነቷ አንዲት ብስኩት አልበላሁም ብላ ብትዋሽ ግማሽ ቀን አንበርክኬያታለሁ።

መልሼ ደወልሁ። «አልተቆለፈም። ገንዘቡ አለ፤ ግን የሚስቴ ማረፊያ ነው። አልሰጥህም።»

 «ቢቆለፍ ይሻል ነበር፣ ጋሼ» አለና ዘጋው።

ከዚያ ወዲህ ለበዓል እንኳ አልደወለም። ሚስቴ ከአምስቱ የሥራ ቀን ሁለቱን ትታለች። ሦስቱን የሚያስተዋት ገንዘብ በሰው ሰርግና በሰው ጣሪያ ላይ ቀርቷል። በሦስቱ ቀን ጠዋት ጎንበስ ማለት ስለሚከብዳት፣ የሥራ ጫማዋን የማስርላት እኔ ነኝ።