ከምንጩ በላይ የነደፍኩት ቦይ

ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብላ በምትገኝ ትንሽ ከተማ የፕላን ባለሙያ ሆኜ ስሠራ አንድ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ነድፌ ነበር። አዲሱን የኮብልስቶን መንገድ ክረምት እንዳይበላው፣ ውኃውን ሰብስቦ ወደ ቁልቁለቱ ይለቀዋል። ሲመረቅ እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ሐምሌ ላይ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቢሮዬ ገባች። ወንበር ብሰጣት አልተቀመጠችም።

«ኢንጂነር፣ ቦይዎ የት ነው የሚያልቀው?»

ካርታውን ዘረጋሁላት። «እዚህ፣ ገደሉ ጫፍ። ባዶ ቦታ ነው።»

«ባዶ አይደለም። ከሥሩ ምንጭ አለ። ከዚያ የሚቀዳ ሰፈር በሙሉ ተቅማጥ ይዞታል።»

ካርታዬ ላይ ምንጭ የለም። ቦታውን ስለካ ከላይ ቆሜ አየሁት እንጂ አልወረድኩም ነበር። ይህን ግን አልነገርኳትም። «በደብዳቤ አሳውቁን» ብዬ ሸኘኋት።

ከዚያ በኋላ ሥራ እምቢ አለኝ። እርሳስ አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ፤ መስኮቱ ጋ ሄጄ ደመናውን አያለሁ። ዝናቡ ሲጀምር አላስችል አለኝና ጃንጥላዬን ይዤ ቁልቁለቱን ወረድኩ።

ከገበያው፣ ከከብት በረቱ፣ ከየደጁ የታጠበው ሁሉ በእኔ ቦይ እየተግተለተለ መጥቶ ምንጩ ላይ ይደፋል። የደብሩ የቅኔ መምህር ባዶ ጀሪካን ይዘው ዛፍ ሥር ተጠልለዋል።

«እስኪጠራ እየጠበቅሁ ነው» አሉኝ። «ተማሪዎቼ ታመው ተኝተዋል። ልጄ፣ ይህን ጎርፍ ወደዚህ የመራው ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ የኔታ።»

ጀሪካኑን አስቀምጠው በእጃቸው ቦዩን አመለከቱኝ። «እንግዲያማ መንገዱን ታውቀዋለህ። መልሰው።»

በማግስቱ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ለአለቃዬ ነገርኩት። ተቆጣ፤ ቢሆንም ቦዩን የማዞሩን ሥራ ፈቀደ። ጤና ሠራተኛዋ ቤት ለቤት እየዞረች ውኃ አፍልተው እንዲጠጡ ስታስተምር፣ የሰፈሩ ሰው ዶማና አካፋ ይዞ ወጣ። እኔም አብሬ ቆፈርኩ። በሦስተኛው ቀን ጎርፉን ከምንጩ ራቅ ብሎ ወደሚያልፈው ወንዝ አዞርነው። ተማሪዎቹ እየዳኑ መጡ፤ ምንጩም ከክረምቱ በኋላ ታጥሮ በሲሚንቶ ተሠራ።

ጎርፉን ባዞርን ዕለት ሰው ሁሉ ሲመርቀን እኔ ግን ወንዙን ቁልቁል እያየሁ ተቁነጠነጥኩ።

«ከታች በኩል ማን ይቀዳል?» አልኳት ጤና ሠራተኛዋን።

«እኔም አላውቅም» አለች። «የእኔ ቀበሌ እዚህ ላይ ያበቃል።»

ጭቃችንን እንኳ ሳንታጠብ ወንዙን ተከትለን ወረድን።