እጄን እያየ ይለቅም ነበር

በ1999 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ይመስለኛል። ወይስ ሁለት ሺህ ገብቶ ነበር? ዓመቱን አላምነውም፤ ወሩን ግን አልሳሳትም፣ የቡና ለቀማ ጊዜ ነበርና።

እኔ መነጽር ላሠራ፣ የቀድሞ ተማሪዬ አሞጽ ደግሞ ለመንጃ ፈቃድ ዓይኑን ሊመረመር፣ ሚዛን አጠገብ አማን ውስጥ አንዲት የግል ክሊኒክ ተገናኘን። እናቱ ንጋቷ አብራው መጥታለች። ዕድሜዋን በሸኮ ዙሪያ ቡና ስትለቅም የኖረች ሴት ናት፤ የጣቶቿ ጫፍ ጠቁሮ ቀርቷል።

ሲስተሯ ባለቀለም ነጠብጣብ የሞላበት መጽሐፍ ገለጠችለት።

«ምን ቁጥር ይታይሃል?»

«ቁጥር የለውም።»

«አንተ ልጅ፣ አትቀልድብኝ። ይሄኛውስ?»

«ነጥብ ብቻ ነው፣ ሲስተር። ምስር የተበተነ ይመስላል።»

እኔ በር ላይ ቆሜ፣ በዚያ በደከመ ዓይኔ፣ ቁጥሩን አይቼዋለሁ።

«ቀይና አረንጓዴ አይለይም» አለች ሲስተሯ መጽሐፉን እየዘጋች። «ላሳልፈው አልችልም።»

«ሚዛን ውስጥ መች የትራፊክ መብራት አለና!» አለ አሞጽ። ማንም አልሳቀም።

ንጋቷ ስለ መንጃ ፈቃዱ አልጠየቀችም። «በሽታ ነው?» አለች ብቻ።

«አይደለም፣ እትዬ። አብሮት የተወለደ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በእናት በኩል ይመጣል። እርስዎ ወንድም አለዎት?»

ንጋቷ በአጠገቤ አልፋ ወጣች። ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

«መምህር፣ ይስሐቅ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረኝ» አለችኝ። «አንድ እርሻ ላይ ነበር የምንለቅመው። ሁልጊዜ እኔ ካለሁበት ቅርንጫፍ አይጠፋም። እጄን እያየ፣ እኔ ከቀጠፍኩት አጠገብ ይቀጥፋል። ‹ሂድ፣ የራስህን ዛፍ ፈልግ፣ አንተ ሰነፍ!› ብዬ አባረርኩት።»

እርሻው የሚቀበለው ቀይ ቀዩን ብቻ ነበር። ይስሐቅ ለብቻው መልቀም በጀመረ ሰሞን ግን ቅርጫቱ ግማሹ አረንጓዴ ሆኖ ተገኘ። አለቃው «ሆን ብለህ ነው ምርት የምታበላሸው» አለው። ይስሐቅ «ሁሉም አንድ ዓይነት ይመስለኛል» ብሎ ማለ፤ ለቃሚው ሁሉ ሳቀበት። አለቃው ወደ እህቱ ዞረ።

«‹ዓይኑ ደህና ነው፤ ተንኮል ነው› አልኩ። ፈርቼ አይደለም፣ መምህር። እውነት መስሎኝ ነው። በዱላ እየደበደቡ አስወጡት። እኔን እያየ ሄደ። ጌጫ ከተማ ገባ ሲሉ ሰማሁ። እናታችን ስትቀበርም አልመጣም።»

«አላወቅሽም እኮ» አልኳት።

«እሱም አላወቀም። እስከ ዛሬ ድረስ አያውቅም።»

ከመንገዱ ማዶ የሚኒባስ ረዳት «ቴፒ! ቴፒ! አንድ ሰው!» እያለ ይጮኻል። ጌጫ የሚሄድ ሰው ቴፒ ላይ ነው መኪና የሚቀይረው። ንጋቷ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳች። አሞጽ ከውስጥ ወጥቶ «እማ! ወዴት ነው?» ሲላት አልዞረችም።

ተከተልኳት። ይስሐቅ በሕይወት መኖሩን ታውቅ እንደሆነ ልጠይቃት ነበር። መንገዱን ስሻገር ንጋቷ ተሳፍራ ረዳቱ በሩን ዘጋው፤ መኪናው ሄደ።