ሮሴንዳና የኖንግ ቴዮ አውራ አሳማ

ሮሴንዳ አሳማ ትጸየፋለች። መንደሩ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ይስቅባታልም። የተወለደችው በፓናይ ደሴት ዳርቻ፣ ዓሣ አጥማጆች መካከል ነው። ቢቶን አግብታ ወደ ሩዝ ማሳዎቹ ስትወጣ አማቷ አስቀድማ ያሳየቻት ማድቤቱን ሳይሆን ከማድቤቱ ጀርባ ያለውን የአሳማ በረት ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ሁሉ ነገር በረቱን በረቱን ይሸታታል፤ ሩዙ፣ ትራሱ፣ የባሏ አንገት። የዓሣ ሽታ ከነፋስ ጋር መጥቶ ከነፋስ ጋር ይሄዳል። የአሳማው ግን ፀጉር ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል።

ሥራውን ግን ትሠራለች። የሩዝ ፍሩሽካ ከተቀቀለ የጎደሬ ቅጠል ጋር ታቦካለች፣ በረቱን ታጥባለች፣ አሳማዋ ምጥ ሲጠናባት እጇን እስከ ክርኗ ትሰዳለች። ከዚያ ጓሮ ሄዳ ታስመልሳለች። ቢቶ ይህን ባየ ቁጥር፣ ያረገዝሽው አንቺ ነሽ ወይስ አሳማዋ እያለ ያሾፋል።

በመንደሩ አውራ አሳማ ያላቸው፣ ሁሉም እንደ ታላቅ ወንድሙ ኖንግ እያለ የሚጠራቸው ኖንግ ቴዮ ብቻ ናቸው። የሮሴንዳን ልጅ ክርስትና ያነሱትም እሳቸው ናቸው። የአንዱ ቤት አሳማ ድራቷ መጥቶ ወንድ ስትፈልግ ይጠራሉ፤ አውራቸውን በገመድ ይዘው ይመጣሉ፣ ያስጠቋታል፣ የኮኮናት ጠጃቸውን ጠጥተው ይሄዳሉ። ዋጋቸው አንድ ግልገል ነው። ግልገሎቹ ጡት ሲተዉ መጥተው ደስ ያላቸውን መርጠው ይወስዳሉ። ያረጀው አውራቸው ማነከስ ሲጀምር የተኩትም ከሮሴንዳ በረት በዚህ መንገድ በወሰዱት ግልገል ነው። በሯን ካለፈ በኋላ የኖንግ ቴዮ አውራ ተባለ፤ እናት እንዳለው ያሰበ ሰው አልነበረም።

አድጎ ሲመለስ ያጠቃው የገዛ እናቱን ነው። ሮሴንዳ ፊቷን አዞረች። ሌላው ሰው ሁሉ ዝም ሲል ነውሩ በእሷ ሐሳብ ውስጥ ብቻ ያለ መሰላት።

ግልገሎቹ ሲወለዱ ሦስቱ ከኋላቸው ቀዳዳ አልነበራቸውም። እንደ ሌሎቹ ተሻምተው ጠቡ። ሆዳቸው ተነፋ፣ እንደ ከበሮ ተወጠረ፣ ቆዳቸው ጠቆረ፤ አንድ በአንድ እጇ ላይ ሞቱ። ስታቅፋቸው ሆዳቸው ውስጥ የሚንቦጫረቀውን ዛሬም መዳፏ ላይ ታገኘዋለች። መንደሩ ምክንያቱን ለመፈለግ አልደከመም። እርጉዝ እንስሳ ፊት አፍንጫውን የሚይዝ ሰው ፅንሱን ይዘጋዋል ተባለ። ኖንግ ቴዮም ጠጃቸውን እየጠጡ፣ በአበልጅ ወግ፣ ለስለስ አድርገው ይህንኑ ነገሯት። አመነቻቸው። ከዚያ በኋላ በረት በገባች ቁጥር ትንፋሿን ውጣ፣ እያቅለሸለሻት፣ ለአሳማዎቹ ፈገግ ትል ነበር።

አሮጊቷ እናት አሳማ ተሸጠች። የቀረችው፣ የተዘጉት ግልገሎች ሳይመጡ፣ ከአሮጌው አውራ የወለደቻት ሴት ልጇ ናት። ቢቶ አጥንቷ እስኪጠና ብሎ ሁለት ድራት አሳልፏታል። በሦስተኛው፣ አንድ ጠዋት፣ መኖዋን ተወች፤ ከኋላዋ ቀልታ አብጣ ነበር። ቢቶ ወገቧን በመዳፉ ሲጫናት ጆሮዋን አቁማ ድርቅ አለች። ደስ ብሎት ኖንግ ቴዮን ሊጠራ ሮጠ። ሮሴንዳ ከበረቱ አጠገብ ብቻዋን ቀረች። እንደገና እንደዚያ ያሉ ግልገሎች እጇ ላይ ቢሞቱ እንደማትችል ታውቅ ነበር።

አውራው መጣ። አፉ አረፋ ይደፍቃል፤ ያደረ ሽንትና ላብ የተቀላቀለበት ሽታው ከእሱ ቀድሞ ደረሰ። የጎረቤት ወንዶችም እንደ ልማዳቸው አጥሩን ተደግፈው ሊያዩ ተሰበሰቡ።

ኖንግ ቴዮ «አበልጄ፣ ሙሽራው ደርሷል» አሉ። «አፍንጫሽን ልቀቂና በሩን ክፈቺ።»

ወንዶቹ ሳቁ። ሮሴንዳ አውራውን አየችው። አጭር፣ ወደ ላይ የተቆለመመ አፍንጫው፣ የተንጠለጠለው ጆሮው ቁርጥ የአሮጊቷ ነው። በሩን ከፈተች፤ ገባችና ከውስጥ ዘጋችው። ጭቃው ላይ ቆማ ጀርባዋን ለበሩ ሰጠች።

«ኖንግ፣ ይሄ ወንድሟ ነው።»

«የማን ወንድም?»

«የእሷ። እርስዎ ራስዎ ከዚህ በረት መርጠው ነው የወሰዱት። የአንዲት እናት ልጆች ናቸው።»

«የዋጋዬ ግልገል ነዋ። የኔ ነው።»

«የእርስዎም ቢሆን ወንድሟ ነው። ባለፈውም እናቱን ነው ያስጠቁት።»

ከአጥሩ አንዱ፣ ታዲያ ቄስ ይጠራና ጋብቻውን ያፍርሰው አለ፤ ሳቁ እንደገና ተነሳ። ኖንግ ቴዮ ግን አልሳቁም። «አሳማ ደግሞ ዘመድ ይቆጥራል? ቢቶ፣ ሚስትህን አውጣልኝ።»

አውራው የፊት እግሮቹን በሩ ላይ ሰቅሎ በአፍንጫው ይገፋ ጀመር። አረፋው በእንጨቶቹ መካከል አልፎ አንገቷ ላይ አረፈ፤ ሞቃትና ልጋጋም ሆኖ በጀርባዋ ወረደ። ያቅለሸልሻት ጀመር፤ ጎንበስ ብላ እዚያው አስመለሰች። ከበሩ ግን አልተነቃነቀችም።

«የተዘጉት በእኔ አፍንጫ አይደለም» አለች አፏን በክንዷ ጠርጋ።

ቢቶ ሊያስወጣት እጁን በበሩ ላይ አሳርፎ ነበር። አውራውን አየ፤ ከሚስቱ ወዲያ ድርቅ ብላ የምትጠብቀውን አሳማ አየ። ለዓመታት ያበላት የአሮጊቷ ፊት ከበሩ ወዲያም ወዲህም ቆሞ ያየዋል። ፊቱ ተጨማደደ። ምራቁን ተፋ።

«ኖንግ፣ ይመልሱት» አለ።

ኖንግ ቴዮ ገመዱን በእጃቸው ጠቀለሉት። በሰው ፊት ያዋረዳቸው የክርስትና ልጃቸው ቤት መሆኑን፣ ከእንግዲህ አውራ የፈለገ ከወንዙ ማዶ እንደሚፈልግ ተናገሩ። ጠጃቸውን ሳይቀምሱ ሄዱ። ወንዶቹም ተበተኑ። ከአሮጊቷ ግልገሎች አንዷን ገዝቶ በዚያው አውራ ያስጠቃው ጎረቤት ከሁሉም ፈጥኖ ወደ ቤቱ ሄደ።

አሳማዋ አውራው በሄደበት በኩል እየጮኸች ቀረች። ቢቶ፣ በሚቀጥለው ድራቷ ማዶ እንወስዳታለን አለ እንጂ ሚስቱን አልገሠጸም። ውኃ መሳቢያው ጋ ሄዶ እጀታውን ይዞ ቆመ። እሷ ከቧንቧው ሥር ተንበርክካ አንገቷን በሳሙና፣ ቀጥሎም በሎሚ ፈተገች።

«አሁንስ ይሸታል?»

ቢቶ ጠጋ ብሎ አሸተተ፤ ወደ ኋላ ሸሸ። ክንዱን አፍንጫው ላይ አድርጎ በሌላው እጁ ውኃውን መሳቡን ቀጠለ።