በርኖስ በጣና ዳር

ሳጥኑን ስከፍት መጀመሪያ የሚመጣው የናፍታሌን ሽታ ነው። ከእሱ ሥር ግን፣ አፍንጫዬን ጥቁሩ በርኖስ ላይ ስደፋ፣ ዛሬም የዓሣ ሽታ አለ። እናቴ ሦስት ጊዜ አጥባዋለች፤ አልለቀቀም።

አባቴ ከደባርቅ ወደ ጎርጎራ ሲዛወር አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ዝውውሩን "አብዮታዊ ግዴታ ነው" ብሎ ያበሠረው ካድሬ ራሱ የትም አልተዛወረም።

አሁን የከተማ ሰዎች ለመዝናናት ወደ ጎርጎራ ይወርዳሉ። ፀሐይ ስትጠልቅ ፎቶግራፍ ተነሥተው "ገነት ነው" ይላሉ። ከመሸ ስለማይቆዩ ቢምቢው አያውቃቸውም። እኛ የኖርንበት ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ ነበር፤ እኩለ ቀን ላይ ቅቤው ቀልጦ ከቅሉ ይፈስስ ነበር። የሐይቁ ውሃ ከደጃችን ያለውን ድንጋይ ቀን ከሌት ይልሰዋል። ጎረቤቶቻችን ዓሣ እየሰነጠቁ ደጃቸው ላይ ያሰጣሉ፤ ዝንቡ ከእነሱ ተርፎ ለእኛም ይደርሰናል።

እኛ ደገኞች ነበርንና ናቅናቸው። እናቴ ከልጆቻቸው ጋር እንዳልጫወት ከለከለችኝ። ከደባርቅ ያመጣነው ዕቃም አልተፈታም። አባቴ የመመለሻ ማመልከቻ ጽፎ ስለነበር ከምኝታና ከማብሰያ በቀር ሁሉም እንደታሰረ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። እንግዳ ነን ማለት ነው።

አባቴ በዚያ ሙቀት ከአባቱ የወረሰውን የሱፍ በርኖስ ደርቦ ቢሮ ይሄድ ነበር። ለሙቀት ብሎ በርኖሱን ያወለቀ ሰው ቆለኛ ሆኖ ቀረ ይል ነበር። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን እየጠገኑ፣ "አያ በርኖስ፣ ምነው፣ ዛሬም በረደዎ?" ይሉታል። ላብ ከጆሮው ሥር ይወርዳል። እኔ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ልጁ መሆኔ እንዳይታወቅ አሥር እርምጃ ያህል ከኋላው እቀር ነበር። ንቀትን ያስተማረኝ እሱ ነው፤ እኔም መልሼ እሱኑ ናቅሁት።

ሐምሌ ላይ የወባ መድኃኒት የሚረጩ ሰዎች መጡ። ዕቃ አውጡ አሉ። ሰፈሩ ሁሉ ዕቃውን ደጅ ሲያወጣ አባቴ በራችን ላይ ቆመ።

"ለመስከረም እንሄዳለን፤ ዕቃዬን አላስፈታም" አላቸው።

የዓሣ አጥማጁ ሚስት፣ የቅርብ ጎረቤታችን፣ የራሷን ዕቃ እንደታቀፈች ቀረብ አለች። "አያ፣ ቢምቢ እንግዳ ነው ብላ አትምርም።"

አባቴ በሩን ዘጋ። እናቴ ከውስጥ፣ "ደግሞ ዓሣ ሻጭ ሐኪም ሆነች" ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

መስከረም መጣ፤ የዝውውር ደብዳቤው አልመጣም። ወባው መጣ። በዚያ በሚያቃጥል ጣሪያ ሥር የአባቴ ጥርስ ይንገጫገጭ ጀመር፤ በርኖሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለብርድ ዋለ። ከጤና ጣቢያ የመጣውን ክኒን ያስታውከው ነበር። ጎረቤታችን ሳትጠራ ገባች። ማንም አልከለከላትም።

በሦስተኛው ቀን እናቴ ጠበል ልታመጣ ሄዳ ሳለ ትኩሳቱ ተነሣ። አባቴ የበርኖሱን አንገት ይጎትት ገባ። "አውልቁልኝ" አለ። ጎረቤታችን ዓሣ ስትሰነጥቅ በዋለችበት እጇ አወለቀችለትና ጭኗ ላይ አኖረችው። ሁለታችን አባቴን ደግፈን ደጃፉ ላይ አስቀመጥነው። በሸሚዝ ብቻ ሆኖ ሐይቁን ፊት ለፊት ሲያየው ያን ቀን አየሁ። ከውሃው ነፋስ መጣ፤ ሸሚዙን ነፋው። ዓይኑን ጨፈነ።

"ነፋሱ ሸጋ ነው" አለ።

ከዚያ በኋላ አልተናገረም። በማግስቱ ዐረፈ። ዕቃችንም እንደታሰረ ወደ ደባርቅ ተመለሰ።

ያን ዕለት እናቴ ጠበሉን ይዛ ስትመለስ በርኖሱን መልሰን አልብሰነው ነበር። ምን አለ ብላ ጠየቀችኝ።

"በረደኝ አለ" አልኳት።

ጎረቤታችን አየችኝ። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ወጣች።